ሳይጠሩት የተዛወረው ገጽ

ብሎጋችን ያለበት መድረክ መታመም የጀመረው ማርች ላይ ነው። መጀመሪያ ፎቶግራፎቹ እየዘገዩ መከፈት ጀመሩ። ቀጥሎ የይለፍ ቃሌን ልቀይር ብዬ ብጠይቅ፣ ይላካል የተባለው መልእክት ሳይመጣ ቀረ። ለደንበኞች አገልግሎት ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ለሁለቱ መልስ አላገኘሁም፤ ሦስተኛው ኢሜይል «እንዲህ ያለ አድራሻ የለም» ተብሎ ተመለሰ። ብሎጋችንን ስድስት ዓመት ሙሉ ያኖረልን ኩባንያ ተዘግቶ እንደሆነ የነገረን የለም፤ አለ ብሎ የሚነግረንም አጣን። በሩ ክፍት፣ መብራቱ የበራ፣ ቢጣሩ ግን ማንም አቤት የማይልበት ቤት ሆነብኝ።

ብሎጉን የጀመርኩት አንቶፋጋስታ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ስማር፣ ለመመረቂያ ሥራዬ ነበር። ከከተማችን ከፑንታ ሳላዳ ወደ ደቡብ በሚወርደው የባሕር ዳር መንገድ ላይ ያሉትን አኒሚታዎች አንድ በአንድ መመዝገብ። በእኛ ዘንድ ሰው መንገድ ላይ በድንገት ሲሞት ሬሳው ወደ መቃብር ይወሰዳል፤ ነፍሱ ግን ደሙ በፈሰሰበት ትቀራለች ይባላል። ስለዚህ ቤተሰቡ እዚያው መንገድ ዳር ወገብ የማትደርስ ጎጆ ይሠራላታል። አኒሚታ የምንለው እሷን ነው። ሻማ ይበራባታል፣ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ይቀመጥላታል፣ ሾፌሮች ሲያልፉ ሁለቴ ጥሩንባ ይነፉላታል። ስልሳ አንድ ጎጆዎች መዘገብኩ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ፣ ፎቶ፣ የኪሎሜትር ቁጥር፣ ቤተሰቡ የነገረኝ ታሪክ። ተመረቅኩ፤ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ፤ ብሎጉ ግን አላለቀም። ሰዎቹ ስሕተቴን እያረሙ፣ ፎቶ እየላኩ አቆዩት።

ከስልሳ አንዱ ውስጥ ብዙ ጎብኚ የነበረው የሰማንያ አራተኛው ኪሎሜትር፣ የፌርሚን ገጽ ነው። ፌርሚን የዓሣ ጭነት መኪና ረዳት ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት ኦገስት ላይ፣ የባሕሩ ጭጋግ መንገዱን በዋጠበት ጠዋት፣ የፈነዳ ጎማ ሊቀይር ወርዶ ሳለ አንድ መኪና ገጭቶት ሳይቆም ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የገጨው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እናቱ ዶኛ ኦቲሊያ መጀመሪያ በየሰኞው፣ ሰኞ የነፍሳት ቀን ነውና፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ጎጆው ድረስ ይሄዱ ነበር። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መምጣት ጀመሩ። መስኮቱ ሥር ያለው ኮምፒውተር የእሳቸው ነው ማለት ይቻላል። በሁለት ጣት ፊደል እየለቀሙ በልጃቸው ገጽ ግርጌ፣ አስተያየት በሚጻፍበት ቦታ፣ ደብዳቤ ይጽፉለታል። ጎረቤት ስለተጣላቸው፣ የእህቱ ልጅ ጥርስ ስለማብቀሏ፣ የሚወደው ቡድን ደግሞ ስለመሸነፉ። ቅጂ አያስቀሩም። አንድ ቀን በወረቀት ላትምልዎት ብላቸው፣ «የላክሁትን ደብዳቤ እኔ ምን አደርገዋለሁ?» አሉኝ። በዚያ ማርች ደብዳቤዎቹ ሁለት መቶ አርባ ሰባት ደርሰው ነበር። መድረኩ አንድ ቀን ቢጠፋ አብረውት ይጠፋሉ።

ሌላ መድረክ መምረጥ ግድ ሆነ። እኔ ደግሞ ስመርጥ እቆያለሁ፤ ለሁሉም ወገን የሚገባውን ሳልሰጥ መወሰን አልወድም። ትልቅ ወረቀት ላይ መስመር አሰመርኩ። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው፣ ትልቅና የተደላደለ መድረክ ነበር፤ ገጾቹን ይቀበላል፣ አስተያየቶቹን ግን ደጅ ያስቀራል። ሁለተኛው ገጾቹን በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ማንም አይዘጋብንም፣ የድሮዎቹ ደብዳቤዎች ይነበባሉ፣ አዲስ መጻፍ ግን አይቻልም። ሦስተኛው ስድስት ሰዎች በኅብረት የሚያስተዳድሩት ትንሽ መድረክ ነበር። ሁሉንም ይቀበላል፣ ለጻፍኩላቸው ጥያቄ በማግሥቱ በስሜ ጠርተው መልሰውልኛል። ዕድሜው ግን ገና አራት ዓመት ነው። ዛሬ ያለ፣ ነገ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል።

ወረቀቱን ለኡሊሴስ አሳየሁት። ኡሊሴስ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ኮምፒውተር የሚጠግን የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ከላይ እስከ ታች አነበበና ሳቀብኝ።

«አንተ ሚስት ብትመርጥ እኮ፣ ልጅቷ አያት ከሆነች በኋላ ነው የምትነግራት» አለ። «ይሄን ሁሉ መስመር ያሰመርከው ለሙታን ነው?»

«ለሚጽፉላቸው ነው።»

«ለሚጽፉላቸው ከሆነ ሦስተኛውን ውሰድና ተገላገል። ግን ፍጠን፣ ወንድሜ። ይሄ የድሮው ካፒቴኑ የወረደበት ጀልባ ነው። አሁን ስለተንሳፈፈ አይሰምጥም ማለት አይደለም።»

ሦስተኛውን መረጥኩ። ለዶኛ ኦቲሊያ ልነግራቸው ስቀመጥ ስለ መድረኩ ዕድሜ፣ ስለ ስድስቱ ሰዎች፣ ደብዳቤዎቹ አንዳቸውም ሳይጎድሉ እንደሚዛወሩ አብራራሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ለፌርሚን የሚነግረው ማን ነው?

ጥያቄያቸው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት መንገዱ ሲሰፋ የመንገድ ሠራተኞቹ ብዙ ጎጆዎችን አንስተው ወደ ዳር አሰልፈዋቸው ነበር፣ ቤተሰብ ሳይጠሩ። ጎጆ ግን እንደ ዕቃ አይነሳም። ሟቹን በስሙ ሦስት ጊዜ ትጠራዋለህ። የት እንደምትወስደው ትነግረዋለህ። ከነበረበት ቦታ አንድ ድንጋይ ታነሳና አዲሱ ቦታ እስክታስቀምጠው ድረስ ከማንም ጋር ሳትነጋገር፣ ወደ ኋላም ሳትዞር ትሸከመዋለህ። ያን ጊዜ ይህ ስላልተደረገ ሾፌሮች ለወራት ባዶው ቦታ ላይ ፍጥነት ይቀንሱ ነበር። መንገዱ ዳር የቆመ ሰው አየን ይላሉ፤ ሊሻገር የፈለገ ግን ወዴት እንደሆነ የጠፋበት። ዶኛ ኦቲሊያ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ሄደው ልጃቸውን ጠርተው፣ ድንጋዩን አርባ እርምጃ ተሸክመው ነው ነገሩ የበረደው። ከዚያ ወዲህ ጎጆው ድረስ ሄደው አያውቁም።

«ገጹም እንደዚያው ነው» አሉኝ። «ስምንት ዓመት አላናገርኩትም እንዴ? አምስቱን እዚህ ነው ያናገርኩት። የሚሰማኝ እዚህ ነው። ሰኞ እኔ ስመጣ እንጠራዋለን፣ ከዚያ ታነሳዋለህ። ቃልህን ስጠኝ፣ ኤቫሪስቶ።»

ሰጠኋቸው። የሚጎዳ ነገር አልታየኝም።

ሌሎቹንም ሳልጠይቅ ማንሳት ስለከበደኝ ብሎጉ ላይ ማስታወቂያ አወጣሁ፤ ልንዛወር ነው፣ አዲሱ አድራሻ ይህ ነው፣ ገጹ እንዲነሳ የማይፈልግ ቤተሰብ ይንገረኝ አልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ መለሱ። አንዲት ሴት፣ «ባሌን ውሰደው፤ በሕይወቱ ሙሉ ከዚህ ከተማ እንውጣ ሲል ነው የኖረው» ብላ ጻፈች። አንድ ሽማግሌ ወንድሜ ቤት መቀየር አይወድም ነበር፣ እዚያው ይቅር አሉኝ፤ ተውኩት።

አንድ ገጽ ብቻ የሚጠየቅ ቤተሰብ አልነበረውም። ዘጠና አንደኛው ኪሎሜትር ላይ፣ መንገዱ ወደ ገደሉ ጥግ በሚታጠፍበት፣ ስም የሌለው ጎጆ አለ። ገደል የገባ መኪና ነው ይባላል፤ መኪናውን ባሕሩ ወሰደው፣ ሬሳውን የጠየቀ ዘመድ አልመጣም። ጎጆውን የሠሩት የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። በሩ ላይ ጨው የበላት፣ ፊደሎቿ የማይነበቡ ታርጋ ቸንክረዋል። ገጹ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም አስተያየት ደርሶት አያውቅም።

ማስታወቂያውን ባወጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ በዚያ ገጽ ግርጌ አንድ ቃል ተጽፎ አገኘሁ። የጸሐፊው ስም ቦታ ባዶ ነበር።

«ወዴት?»

ዘመድ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። አዲሱን አድራሻ በትሕትና ጻፍኩለት፤ ስሙንም ጠየቅኩ። በሚቀጥለው ሰኞ መልስ ነበር።

«ያንን መንገድ አላውቀውም።»

ኡሊሴስ እየቀለደብኝ መስሎኝ ሄጄ ወቀስኩት። እሱ እንኳ አልሳቀም። ጎብኚዎች ከየት እንደገቡ የሚመዘግበውን ሰንጠረዥ አብረን ከፈትን። ለሌሎቹ ሁሉ ከተማና አገር ተጽፏል፤ በነዚያ ሁለት ሰኞዎች ትይዩ ያለው መስመር ባዶ ነበር። የተበላሸ መድረክ የተበላሸ መዝገብ ነው የሚይዘው አለኝ፤ እውነቱን ነው። ግን ስወጣ በሩ ላይ አስቁሞ አየኝ።

«አትመልስለት በቃ» አለ።

እኔ ግን መልስ የሚጠብቅን ሰው ዝም ማለት አልችልበትም። አዲሱ ቦታ ከድሮው እንደማይከፋ፣ እኔው ራሴ እንደማዛውረው ጻፍኩ። ለዚህ አልመለሰም።

ሜይ ውስጥ አንድ ዓርብ ጠዋት ቢሮ ስገባ መድረኩ አልከፈት አለ። እስከ ማታ ሞከርኩ፤ ነጭ ገጽ ብቻ ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት የደረሱት ደብዳቤዎች ጠፉ ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በድንገት ተመለሰ። ግማሹ ፎቶ የለም፤ አስተያየት የሚጻፍበት ሳጥን ከሁሉም ገጽ ላይ ጠፍቷል፤ ጽሑፉ ግን ነበር። ሰኞን ለመጠበቅ ድፍረት አጣሁ። ሁሉንም በአንድ ፋይል ቀድቼ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ አዲሱ መድረክ ላይ ጫንኩት። ስልሳ ገጾች። ቆጠርኳቸው። ደብዳቤዎቹንም ቆጠርኳቸው፤ አንድም አልጎደለም። ቃሌን ማፍረሴ ትዝ ያለኝ ኮምፒውተሩን ካጠፋሁ በኋላ ነው። ዶኛ ኦቲሊያ ይረዱኛል አልኩ። ደብዳቤዎቹን አድኜ የለ?

ሰኞ እንደ ልማዳቸው አቮካዶ የተቀባ ማራኬታ ዳቦ በናፕኪን ጠቅልለው መጡ፤ ግማሹ የኔ ነው። ያደረግኩትን ነገርኳቸው። ፊታቸው አልተለወጠም። በኔ ጠረጴዛ አጠገብ ባለው አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኳቸውና አዲሱን ገጽ አስከፈትኳቸው። ፎቶው ከድሮው የበለጠ ጠርቶ ይታያል። ደብዳቤያቸውን ጻፉ፣ ላኩ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የገጹን ግርጌ መመልከት ያዙ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ሃያ።

«ቤቱ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ግን የለበትም።»

እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። በጣታቸው ከታች ያለችውን ትንሽ ቁጥር አሳዩኝ። እያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚቆጥር ቆጣሪ አለ። እኔ ልብ ብዬው አላውቅም። እሳቸው ግን አምስት ዓመት ሙሉ ሲያዩት ኖረዋል። ገጹን ሲከፍቱ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል፤ ያ እሳቸው ናቸው። ደብዳቤውን ከላኩ በኋላ፣ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ቆይቶ፣ እንደገና በአንድ ይጨምራል። በየሰኞው። አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ለማንም አልተናገሩም፤ ምን ብለው ይናገሩ? አሁን አዲሱ ቆጣሪ «1» ይላል። እሳቸው ብቻ።

የፍለጋ ሞተሮች ገጽ ሲቀየር መጥተው እንደሚከፍቱ፣ ቆጣሪውን እነሱ ሊያንቀሳቅሱት እንደሚችሉ ላስረዳቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው ወደ መስኮቱ ኮምፒውተር ሄደው የድሮውን ገጽ ክፈትልኝ አሉ። ከፈትኩ። የፌርሚን ፎቶ ጠፍቶ ግራጫ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል። ቆጣሪው 4,118 ይላል። ገጹን አደስኩት። 4,121። እንደገና አደስኩት። 4,126። የከፈትኩት በባለቤትነት መግቢያዬ ስለሆነ የኔ አይቆጠርም።

«ደብዳቤው ቀረበት» አሉ ዶኛ ኦቲሊያ። «እየገባ እየወጣ ይፈልገኛል።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በእጃቸው ተወው አሉኝና ወረቀት አስመጡ። ከድሮው ቤት የሚነሳው ድንጋይ ምን ይሁን ብለው ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ ደብዳቤዎቹ ወደሚጀምሩበት ሄደው የመጀመሪያዋን ፈለጉ። አምስት መስመር ናት። ከስክሪኑ እያዩ በእጃቸው ገለበጧት። ጨርሰው ተነሱ፤ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አድርገው፣ ሌላ ክፍል ያለ ልጅ በሚጠራበት ድምፅ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠሩት። ወዴት እንደሚወስዱት ነገሩት፤ እዚህችው ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳው ጋ፣ ኤቫሪስቶ ጠረጴዛ አጠገብ፣ እኔም እዚያ ነኝ አሉት። ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ያዙና መራመድ ጀመሩ። እኔም ከኋላቸው።

ከመስኮቱ እስከ ግድግዳው አሥራ አንድ እርምጃ ነው። በስድስተኛው ላይ በሩ ተከፈተና ኡሊሴስ የኤሌክትሪክ ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ገባ። ደህና ዋላችሁ አለ። ማንም አልመለሰለትም። ዶኛዬ ተቀየሙኝ እንዴ አለ። ዝም። ወደኔ ዞሮ ምን አጠፋሁ ሲል ከኋላችን ያለው ኮምፒውተር ማራገቢያ እንደሚነሳ አውሮፕላን መጮህ ጀመረ። ልዞር ነበር። ዶኛ ኦቲሊያ ሳያዩኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ኡሊሴስ ወረቀቱን አየ፣ አረማመዳችንን አየ፣ ገመዱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀምጦ ኮፍያውን አወለቀ። እሱም የዚህ መንገድ ልጅ ነው።

ወረቀቱን አዲሱ ኮምፒውተር ሥር አኖሩት። የዛሬውን ደብዳቤ እንደገና ጻፉ፣ ላኩ። ሦስታችንም ቆምን። ማራገቢያው ዝም ካለ ቆይቷል። ቆጣሪው «1» ነበር፤ ከዚያ «2» ሆነ።

«መጣህ?» አሉ ዶኛ ኦቲሊያ፣ ለስክሪኑ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ኡሊሴስ ምንም ሳይቀልድ ሄደ። እኔ የድሮውን ኮምፒውተር ላጠፋ ስቀርብ፣ የድሮው መድረክ መቆጣጠሪያ ላይ አዲስ አስተያየት መድረሱን የሚገልጽ ምልክት በርቷል። አስተያየት መጻፊያው ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የዘጠና አንደኛው ኪሎሜትር ገጽ ነበር።

«እሱን በስሙ ጠራችሁት። እኔንስ ማን ብላችሁ ትጠሩኛላችሁ?»

ለዶኛ ኦቲሊያ አልነገርኳቸውም። ደስታቸውን ማደፍረስ አልፈለግኩም። ግን ለአንዱ የተደረገው ለሌላው መቅረቱ አላስቀምጥ አለኝ። ማክሰኞ ፈቃድ ጠይቄ በአውቶቡስ ዘጠና አንደኛው ኪሎሜትር ወረድኩ። ጭጋጉ ከባሕሩ ተነስቶ ገደሉን ሸፍኖታል፤ ማዕበሉ ይሰማል እንጂ አይታይም። ከታርጋዋ ላይ አንድ ፊደል እንኳ ላነብ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። «የዘጠና አንዱ» ብዬ ሦስት ጊዜ ተጣራሁ። ና፣ ሰው ወዳለበት ልውሰድህ አልኩት። ከጎጆዋ ሥር ቡጢ የምታክል ጥቁር ድንጋይ አንስቼ መንገድ ዳር ቆምኩ።

የመልሱ አውቶቡስ ሾፌር የት ነው የምትወርደው ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። ደንቆሮ ነህ እንዴ ሊል ሲጀምር በሁለት እጄ የያዝኩትን ድንጋይ አየ። ሬዲዮውን አጠፋ። ከኋላው ያለውን ወንበር በአገጩ አሳየኝ፤ እስከ ከተማ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ተሳፋሪዎቹም። ድንጋዩን ወስጄ ዶኛ ኦቲሊያ አሁን በሚጽፉበት ኮምፒውተር ጎን አስቀመጥኩት፤ ሌላ ቦታ አልታየኝም።

ሐሙስ ዕለት የድሮው መድረክ ጠፋ። አልተመለሰም።

በሚቀጥለው ሰኞ ዶኛ ኦቲሊያ ቀለል ብሏቸው መጡ። ዳቦውን ገመሱልኝ። ገጹን ከፈቱ፤ ሦስት። ጻፉ፣ ላኩ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። አራት። ፈገግ አሉ። ልነሳ ስል ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ወደ ስክሪኑ አየሁ። አምስት።

ዓይናቸው ከቁጥሩ ወደ ድንጋዩ ሄደ።

«ማንን አመጣህብኝ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። የዘጠና አንደኛውን ገጽ ክፈትልኝ አሉ፤ የኔ ስለማይቆጠር በራሴ ጠረጴዛ ኮምፒውተር ከፈትኩላቸው። የገጹ ቆጣሪ ዜሮ ነበር፤ ማንም አልገባበትም። እኔ ራሴ የዛሬ ስድስት ዓመት የጻፍኩትን አራት መስመር ጣታቸውን እየጎተቱ አነበቡ። የጭነት መኪና ሾፌሮች እንደነገሩኝ፣ መኪናው ገደል የገባው የዛሬ ስምንት ዓመት ኦገስት ላይ፣ ጭጋግ በነበረበት ጠዋት ነው። ፌርሚን የሞተበት ዓመት ነው። ሁለቱን ገጾች በአንድ እጄ ጽፌ፣ ጎን ለጎን አድርጌ አስቤያቸው አላውቅም።

«ሰባት ኪሎሜትር» አሉ ዶኛ ኦቲሊያ። «ሰው ገጭቶ መስታወቱ የተሰነጠቀበት፣ በዚያ ጭጋግ የሚሸሽ ሰው፣ ከሰባት ኪሎሜትር በላይ ይሄዳል?»

ይህን ማወቅ እንደማንችል ነገርኳቸው። ወሩ ሠላሳ አንድ ቀን አለው፤ በዚያ መንገድ ጭጋግ የሌለበት ጠዋት የለም፤ ምንም ያላጠፋ መንገደኛ ሊሆን ይችላል። ሰሙኝ። አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም አሉ። ከዚያ የት እንደምወስደው ምን ብዬ እንደነገርኩት ጠየቁኝ።

«ሰው ወዳለበት አልኩት።»

«ወደ ራሱ ገጽ ሳትለው?»

ረስቼዋለሁ። የሚነገረው ነገር ዋነኛው እሱ ነበር።

አሁኑኑ ድንጋዩን እመልሳለሁ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ዶኛ ኦቲሊያ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ ጫኑበት። አልተቆጡም። ከዚያ በፊት እንዲህ ረግተው አይቻቸው አላውቅም።

«ስምንት ዓመት የፈለግኩት ሰው ሊሆን ይችላል» አሉ። «አሁን ትመልሰዋለህ?»

ድንጋዩን ሳይለቁ በአንድ እጃቸው፣ በአንድ ጣት፣ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ። በአንድ ሰኞ ሁለት ጽፈው አያውቁም። ከጎናቸው ቆሜ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ አነበብኩ።

«ፌርሚን ልጄ፣ እንግዳ መጥቶብሃል። ስሙን ጠይቀው። የነገረህን እዚህ ጻፍልኝ።»

ላኩት። መስኮቱ ላይ ጭጋጉ ተለጥፏል፤ የምሳ ሰዓት ደርሶ አለፈ፤ በሩን የምዘጋበት ሰዓት ነበር፤ አልዘጋሁትም። ቆጣሪው አምስት እንዳለ ቆየ። ከዚያ ስድስት ሆነ።

ሰባት እስኪል ጠበቅን። አላለም። ከሁለቱ አንዱ አንብቦታል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አናውቅም።